ሰው ሲጠጋው የሚነቃ የቀለም ሣጥን እንዴት ይሠራል?

ይህ መመሪያ የሚያስረዳው ከውጭ ሲታይ ጥቁር የሆነ፣ ጽሑፍም ሆነ ምልክት የሌለው፣ ከፊቱ አንዲት ቀዳዳ ከጎኑ ደግሞ አንድ መዘውሪያ ብቻ ያለው ሣጥን የሚሠራበትን መንገድ ነው። ሰው ሲቀርብ ከቀዳዳዋ ደብዛዛ ብርሃን ይታያል፤ ዓይኑን አስጠግቶ ሲመለከት ውስጡ በአንድ ቀለም ይሞላል፤ መዘውሪያውን ሲያዞር ቀለሙ ይለወጣል። ሣጥኑም ሰውየው ስንት የተለያዩ ቀለሞችን እንዳየና በመጨረሻ የቱ ላይ እንደቆመ ይመዘግባል። የፊተኛው ስለ ጉጉቱ፣ የኋለኛው ስለ ምርጫው የሚናገር ስለሆነ፣ ሁለቱ እንዳይደባለቁ ከመጀመሪያው ማሰብ ያስፈልጋል።

የባሕርይ ኢኮኖሚክስ ምሁሩ ጆርጅ ሎዌንስታይን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት፣ ጉጉት የሚቀሰቀሰው ሰው በሚያውቀውና ሊያውቅ በሚፈልገው መካከል ክፍተት መኖሩን ሲያስተውል ነው። ስለዚህ ፈጽሞ ጨለማ የሆነ ሣጥን ማንንም አይጠራም፤ ከሩቅ ሁሉንም ነገር የሚያሳይ ሣጥንም የሚያስጠጋ ምክንያት አይሰጥም። የቀዳዳዋ ስፋት 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን፣ ውስጡ ብርሃን መኖሩ ይታወቃል፤ ምን እንዳለ ግን ሳይጠጉ አይታይም።

ለሥራው አንድ አርዱይኖ ኡኖ አር3 (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ)፣ 12 መብራቶች ያሉት የደብሊውኤስ2812ቢ ኤልኢዲ ቀለበት፣ ኤችሲ-ኤስአር04 የተባለው የአልትራሳውንድ ሴንሰር (የማይሰማ ድምፅ ልኮ ሲመለስ ርቀት የሚለካ)፣ ኬዋይ-040 ኢንኮደር (ሲዞር ቀጭ እያለ የሚቆጥር መዘውሪያ)፣ አንድ የ470 ኦም ሬዚስተር፣ አንድ የ1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ሁለት የ100 ናኖፋራድ ካፓሲተሮችና ጃምፐር ሽቦዎች ይበቃሉ። ሬዚስተሩ ከአርዱይኖው ወደ ቀለበቱ በሚሄደው የዳታ ሽቦ ላይ ይገባል፤ ትልቁ ካፓሲተር ደግሞ በቀለበቱ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ መካከል ይያያዛል፤ ሲያያዝም ዋልታው እንዳይገለበጥ መጠንቀቅ ግዴታ ነው።

የኤሌክትሪኩን ልክ አስቀድሞ ማስላት ይገባል። እያንዳንዱ መብራት በሙሉ ነጭ ሲበራ እስከ 60 ሚሊ አምፔር ስለሚወስድ፣ ቀለበቱ በሙሉ 720 ሚሊ አምፔር ሊጠይቅ ይችላል፤ ይህም ተራ የኮምፒውተር ዩኤስቢ ከሚሰጠው 500 ሚሊ አምፔር ይበልጣል። ነገር ግን ተመልካቹ ዓይኑን ከቀዳዳዋ ጋር አስጠግቶ የሚያይ በመሆኑ ሙሉ ብርሃን አያስፈልግም፤ ዓይንንም ያስቸግራል። ድምቀቱ ከ255 ውስጥ በ40 ቢወሰን፣ ፍጆታው ወደ 120 ሚሊ አምፔር ይወርዳል፤ ዩኤስቢውም ይበቃል። ቀለበቱ በሣጥኑ ወለል ላይ ወደ ላይ ተደርጎ በስስ ነጭ ወረቀት ከተሸፈነና የውስጡ ግድግዳም ነጭ ከሆነ፣ ተመልካቹ የሚያየው ነጠላ አምፖሎችን ሳይሆን ቦታውን የሞላውን ቀለም ነው።

መዘውሪያውን በሚመለከት ብዙዎች ፖቴንሽዮሜትር (እንደ ሬድዮ ድምፅ መቆጣጠሪያ እስከ ጥግ የሚዞር መዘውሪያ) ይመርጣሉ፤ እኔ አልመክርም። ፖቴንሽዮሜትር መነሻና መድረሻ ስላለው ጥግ ላይ ያሉት ቀለሞች ያለ አግባብ ብዙ ሰው ያገኛሉ፤ የሚያዞር ሰው እስኪቆምበት ድረስ ማዞር ይወዳልና። ኢንኮደር ግን ማለቂያ የለውም። በብዛት የሚገኘው ኬዋይ-040 በአንድ ዙር 20 ጊዜ ቀጭ ስለሚል፣ የቀለሙን ክብ በ20 መክፈልና እያንዳንዷን ቀጭታ ለአንድ ቀለም መስጠት ይቻላል። ኢንኮደሩ ከፒን 2 እና 3 ጋር ቢያያዝ የኡኖውን ኢንተራፕት (መዘውሪያው በዞረ ቁጥር ፕሮግራሙ ሌላውን ሥራ ለአፍታ ትቶ ወዲያው እንዲቆጥር የሚያደርገውን) መጠቀም ይቻላል፤ አንዷ ቀጭታ እንደ ሁለት እንዳትቆጠርም ከእያንዳንዱ ፒን ወደ ግራውንድ (ኔጋቲቭ) አንድ የ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ማድረግ ይረዳል።

ሴንሰሩ ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ያለውን ርቀት በትክክል መለካት ስለማይችል፣ ከቀዳዳዋ በታች ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ወደ ደረት እንዲያነጣጥር ይደረጋል። የድምፁ መልስ ደርሶ ለመመለስ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 58 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ስለሚወስድ፣ የመጠበቂያውን ጊዜ በ10,000 ማይክሮ ሰከንድ መገደብ እስከ 1 ሜትር ከ70 ለማየት ይበቃል፤ ፕሮግራሙም ያለ ሥራ አይቆምም። ከ1 ሜትር በታች ሲሆን ደብዛዛው ብርሃን ይብራ፤ ከ30 ሴንቲ ሜትር በታች ሲሆን ቀለሙ ይጀምር። ወፍራምና ለስላሳ ልብስ ድምፁን ስለሚውጠው፣ ጋቢ የደረበ ሰው ከፊቱ ቆሞ ሳለ ሴንሰሩ ማንም እንደሌለ ሊናገር ይችላል። ስለዚህ 5 ንባቦችን በመጠን ደርድሮ የመሃሉን መውሰድና ንባብ ቢጠፋ 2 ሰከንድ ሳይሞላ ሰውየው ሄዷል ብሎ አለመደምደም ያስፈልጋል።

ቀለሞቹ እኩል ዕድል እንዲያገኙ ድምቀታቸውም መስተካከል አለበት። ቢጫ ሲበራ ቀዩና አረንጓዴው አንድ ላይ ስለሚበሩ፣ ብቻውን ከሚበራው ሰማያዊ በላይ ይጎላል፤ ሰውም ደማቁን እንጂ ቀለሙን አይመርጥም። ከቀለበቱ 6 መብራቶች ቢጫ፣ 6ቱ ሰማያዊ ይደረጉና ወረቀቱ እንዳለ በጨለማ ክፍል ውስጥ ሁለቱ ሲታዩ አንዱ ቀድሞ ዓይን የማይስብ እስኪሆን ድረስ ቢጫው ይቀነስ። አረንጓዴውና ውሃ ሰማያዊውም በዚሁ መንገድ ከሰማያዊው ጋር ይመዘናሉ። መነሻውም ለእያንዳንዱ ሰው በዘፈቀደ ይለዋወጥ፤ አለበለዚያ ሣጥኑ ሁልጊዜ በቀይ ቢጀምር፣ ቀይ የተመረጠ የሚመስለው ያልነካው ሰው ብዙ ስለሆነ ነው። የዘፈቀደ ቁጥሩ ዘር (ስሌቱ የሚነሣበት ቁጥር) ምንም ካልተያያዘበት የአናሎግ ፒን ንባብ ካልተወሰደ፣ ኡኖው በተነሣ ቁጥር ያንኑ ቅደም ተከተል ይደግማል።

መረጃው በኡኖው ኢኢፕሮም (ኃይል ቢጠፋም መረጃ በማይጠፋበት ማስቀመጫ) ውስጥ ይቀመጣል፤ መጠኑ 1024 ባይት ነው። ለአንድ ሰው መነሻው ቀለም፣ የመጨረሻው ቀለምና ያያቸው የተለያዩ ቀለሞች ብዛት፣ በድምሩ 3 ባይት ይበቃል፤ ስንት ሰው እንደተመዘገበ ለሚያሳየው ተራ ቁጥር በጠቅላላው 2 ባይት ቢመደብ 340 ሰው መመዝገብ ይቻላል። ጽሕፈቱ የሚፈጸመው ሰውየው ሲሄድ አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን።

መዝገቡ ሲነበብ፣ ያዩት ቀለም ከ1 ያልበለጠባቸው ሰዎች ስለ ጉጉት ቆጠራ ይጠቅማሉ፤ ከቀለም ምርጫው ቆጠራ ግን መውጣት አለባቸው። የየትኛው ቀለም ብልጫ እንደሚታመን ለመወሰን 20ውንም ያዩትን ብቻ ለይቶ መደመር ይገባል፤ የሌሎቹ የመጨረሻ ቀለም ማየት ያቆሙበትን ቦታ ከማሳየት አያልፍምና።