የጣና ዓሣን ለምርምር ማደንዘዝ፦ ትሪኬይን ወይስ የቅርንፉድ ዘይት?

ማደንዘዣ ከመምረጣችሁ በፊት ዓሣው ከልኬቱ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ወስኑ። ወደ ጣና የሚመለስ ከሆነ ነገ ሌላ ሰው መረብ ውስጥ ገብቶ ማታ ባሕር ዳር ሊጠበስ ይችላል። በአሜሪካ ደንብ በትሪኬይን (ኤምኤስ 222 በሚባለው የዓሣ ማደንዘዣ ዱቄት) የደነዘዘ ዓሣ 21 ቀን ሳይሞላው አይበላም፤ የቅርንፉድ ዘይት ደግሞ ለምግብ በሚውል ዓሣ ላይ ጭራሽ አልተፈቀደም። «ቅርንፉድ ሻይ ውስጥም ይገባል» የሚለው ክርክር እዚህ አይሠራም። ሥራው ርዝመትና ክብደት ብቻ ከሆነ ዓይኑን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ቶሎ መልቀቅ ይሻላል። ማደንዘዣውን ገንዳ ውስጥ ለሚቆይ ዓሣ አቆዩት።

ትሪኬይን ቶሎ ያደነዝዛል፣ ቶሎም ይለቃል። ችግሩ ውድ መሆኑና ውኃውን አሲዳም ማድረጉ ነው። ለ20 ሊትር ባልዲ 2 ግራም ትሪኬይንና 4 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ፤ በሊትር 100 ሚሊ ግራም ይሆናል። ሱቅ ስትገዙ ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሰጧችሁ፤ እሱ ራሱ አሲድ አለበት። ሶዳው ከተረሳ ዓሣው እንደገባ ይራገጣል።

የቅርንፉድ ዘይት ርካሽ ነው፣ ግን ዓሣው ለመንቃት ይዘገያል። ከውኃ ጋር በደንብ ስለማይዋሃድ በቀጥታ ከተንጠባጠበ አንዱን ዓሣ ገድሎ ሌላውን ሳይነካ ይተወዋል። 1 እጅ ዘይት በ9 እጅ 95 በመቶ አልኮል በጥብጡ (አረቄ አይተካውም፤ ጥንካሬው አይታወቅም)። ከዚህ 10 ሚሊ ሊትር ለ20 ሊትር ሲገባ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ገደማ ይሰጣል። የዘይቱ ጥንካሬ ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ አዲስ ሲከፈት መጀመሪያ በ2 ወይም 3 ዓሣ ሞክሩ።

ውኃውን ዓሣው ከተያዘበት ቦታ ቅዱ። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅን ከቆላው ያንሳል፤ የማደንዘዣውም የማንቂያውም ባልዲ የአየር ፓምፕ ይኑረው። ቆሮሶ (ቲላፒያ) በጎኑ ሲተኛ፣ ጭራው ሥር ሲቆነጠጥ ዝም ሲል፣ የስንጥቡ ክዳን ግን በዝግታ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ያኔ አውጡት። 3 ደቂቃ አካባቢ ይበቃዋል። ክዳኑ ከቆመ ልኬቱን ተዉት፤ ንጹሕ ውኃ ውስጥ በአፉ በኩል ወደ ፊት ግፉት። ወደ ኋላ መጎተት ስንጥቡን ይጎዳል። ያገለገለውን ውኃ ሐይቁ ውስጥ አትድፉ።

አምባዛ ሌላ ነው። ከላይ አየር ስለሚተነፍስ ዘግይቶ ይደነዝዛል፤ ቸኩላችሁ መጠኑን ከጨመራችሁ ግን በኋላ አይነቃላችሁም። የማንቂያ ውኃው ጥልቀት አይኑረው፤ ራሱን ቀና ሲያደርግ አፉ አየር ማግኘት አለበት።