አካል ጉዳተኛ ስትቀጥሩ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

አካል ጉዳተኛ ሥራ ፈላጊዎችን ከቀጣሪዎች ጋር ማገናኘት ሥራዬ ነው። ቅን ልብ ያላቸው ቀጣሪዎች ሳይቀሩ ደጋግመው የሚሳሳቱባቸው ነገሮች አሉ።

"ደመወዙ እኩል ነው፤ ሌላ ምን ትፈልጋለች?" ይሄኛው ያንገበግበኛል! ሁለት ሴቶች በአንድ ደመወዝ ይቀጠራሉ። አንዷ በአውቶብስ ትመጣለች። ሌላዋ በዊልቸር ነው የምትንቀሳቀሰው፤ አውቶብሱ መወጣጫ ስለሌለው ጠዋት ማታ ኮንትራት ታክሲ ትይዛለች። ዊልቸሩ ይበላሻል፣ ያስጠግናል። ለሚያግዛት ሰው ትከፍላለች። ደረጃ የሌለው ቤት ስትፈልግ ደግሞ ኪራዩ ይወደዳል። ወሩ ሲያልቅ እጃቸው ላይ የሚቀረው ገንዘብ በጭራሽ አይገናኝም። ሥራውን ስትለቅ "ዕድል ሰጥተናት አልቻለችም" ይባላል። ኧረ ያልተቻለው ወጪው ነው! የትራንስፖርት አበል ጨምሩላት፤ ሥራው የሚፈቅድ ከሆነም ከቤቷ ትሥራ።

ለቢሮ ሥራ መንጃ ፈቃድ አትጠይቁ።

አመልካቹን ትታችሁ አብሮት የመጣውን ሰው አታናግሩ።

ሳይጠይቁ "ውድ ነው" ማለትም አለ። አንድ ቀጣሪ ማየት የተሳነውን አመልካች "ለኮምፒውተሩ የሚሆን በጀት የለንም" ብሎ ሊሸኘው ነበር። ልጁ ፍላሹን ሰክቶ ኤንቪዲኤ የተባለውን ስክሪን አንባቢ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ከፈተና ፈተናውን እዚያው ሠራ። ፕሮግራሙ በነጻ የሚገኝ ነው። ደግሞም የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን ለአካል ጉዳተኛው እንዲስማማ ማመቻቸት ውለታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን፣ ከአቅም በላይ ጫና የማያመጣ ማመቻቸትን መከልከል አድልዎ ነው ይላል።

እንደ እኔ ሥራ የምታፈላልጉ ደግሞ፣ ድጎማ የሚያገኝን ሰው ሂሳቡን ሳታዩለት "ዝም ብለህ ፈርም" አትበሉት። ገቢው ሲጨምር ድጎማው ሊቀነስ ወይም ሊቋረጥ ይችላል። ቁጠባም ቢሆን ሊያስቀጣ ይችላል። በአሜሪካ ኤስኤስአይ የሚባለውን ድጎማ የሚያገኝ ያላገባ ሰው፣ እንደ መኖሪያ ቤቱና መኪናው ካሉ ከማይቆጠሩ ንብረቶች ሌላ ከ2,000 ዶላር በላይ ሀብት ሊኖረው አይችልም። ይህ ጣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ለክፉ ቀን የሚያስቀምጥ ሰው ድጎማውን ሊያጣ ይችላል ማለት ነው።

በመጨረሻ፣ ሥራ ላይ እያለ ጉዳት የደረሰበትን ሠራተኛ ለማሰናበት አትቸኩሉ። ቤተሰብ ድህነት ውስጥ የሚገባው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ሕክምናው ወጪ ሲያበዛ ደመወዙ ይቆማል። መጀመሪያ የሥራ ድርሻውን አንድ በአንድ ጻፉ። የቱን እንደ ድሮው ይሠራል? የቱን በመሣሪያ? የቱን ከሌላ ባልደረባ ጋር ይቀያየራል? መልሱን የምትጠይቁት ራሱን ነው።