አጥንት ላይ ጉብታ ሲወጣ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የልጅ ጉልበት ወይም ትከሻ አጠገብ ጠንካራ ጉብታ ይወጣል። ራጅ ይነሣና «የአጥንት እጢ ነው» ይባላል። ቤተሰቡ ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ያጣል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ከልም አጥንት፣ ማለትም ከካርቲሌጅ የተነሣ፣ ካንሰር ያልሆነ እጢ ነው።

«እጢ» ሲባል ካንሰር ነው ብሎ መደምደም

ካንሰር ካልሆኑት የአጥንት እጢዎች በብዛት የሚታየው ኦስቲዮኮንድሮማ ነው። የልጅ ቁመት የሚጨምረው በረጃጅም አጥንቶች ጫፍ አካባቢ ባለ የልም አጥንት ንጣፍ ነው። ከዚያ ንጣፍ ጥቂቱ ወደ ጎን ያፈነግጥና አጥንት እየሆነ ወደ ውጭ ያድጋል። አናቱ ላይ የልም አጥንት ቆብ ይኖረዋል። ልጁ ሲያድግ አብሮ ያድጋል፤ የልጁ ቁመት ሲቆም እሱም ይቆማል። ሌላው ኤንኮንድሮማ ነው። ይሄኛው አጥንቱ ውስጥ የሚበቅል ሲሆን በተለይ የእጅ ጣት አጥንቶች ላይ ይበዛል። ብዙ ሰው እንዳለበት የሚያውቀው ጣቱ በቀላል ምት ሲሰበር ወይም ለሌላ ነገር ራጅ ሲነሣ ነው።

ወጌሻ ጋ ወስዶ ማሳሸት

እዚህ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ። ጉብታው ራሱ አጥንት ነው፤ በእሽት አይሟሟም። ቀጭን አንገት ካለው ሊሰበር ይችላል። ከጉልበት ጀርባ ደግሞ ትልቅ የደም ሥርና ነርቭ ያልፋሉ፤ እነሱም ሊጎዱ ይችላሉ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ኦስቲዮሳርኮማ የተባለው እውነተኛ የአጥንት ካንሰርም በብዛት የሚወጣው እዚያው ጉልበት አካባቢ፣ በዚያው በጉርምስና ዕድሜ ነው። ሁለቱን በእጅ ዳስሶ መለየት አይቻልም። እየታሸ ያለፈ እያንዳንዱ ሳምንት ከሕክምናው ጊዜ የተቀነሰ ነው። እባካችሁ፣ መጀመሪያ ራጅ ይነሣ።

የጎረምሳን የመገጣጠሚያ ሕመም «ብርድ ነው» ብሎ ማለፍ

ኮንድሮብላስቶማ የሚባል እጢ አለ። ብዙም አይታይም። አጥንቱ ጫፍ ላይ፣ መገጣጠሚያው ሥር ስለሚበቅል ሕመሙ ቁርጥማት ይመስላል። ካንሰር ባይሆንም አጥንቱን እየበላ ስለሚሄድ አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ተፍቆ መውጣት አለበት። ለወራት የቆየ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያለ ሕመም መመርመር አለበት።

«አሁኑኑ ይውጣልን» ብሎ ሐኪሙን መወትወት

የማያም ኦስቲዮኮንድሮማ እየታየ ቢቆይ ይሻላል። ልጁ ገና እያደገ ሳለ ቢቆረጥ የዕድገት ንጣፉ ሊጎዳ ይችላል፤ የቆቡ ቅሪት ከቀረም ተመልሶ ይበቅላል። ሕመም ካለ፣ ነርቭ ወይም የደም ሥር ከተጫነ፣ መገጣጠሚያው አልታጠፍ ካለ ወይም እግሩ መጣመም ከጀመረ ግን ቀዶ ሕክምናው ተገቢ ነው።

«ካንሰር አይደለም» ከተባለ በኋላ መርሳት

ብቻውን የወጣ ኦስቲዮኮንድሮማ ወደ ካንሰር የመቀየር ዕድሉ ከ1 በመቶ በታች ነው። ትንሽ ነው፤ ግን ባዶ አይደለም። ቁመት ከቆመ በኋላ ጉብታው እንደገና ማደግ ከጀመረ ወይም በተለይ ሌሊት የሚቀሰቅስ አዲስ ሕመም ከመጣ ቶሎ ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል። በአዋቂ ሰው ላይ ቆቡ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ከወፈረ ሐኪሞች ይጠራጠራሉ። ለዚህም ኤምአርአይ ያዛሉ።

ጉብታው ብዙ ከሆነ ቤተሰቡን አለማየት

ልጁ በተለያዩ አጥንቶች ላይ ብዙ ጉብታ ካለው ችግሩ ኤክስት1 ወይም ኤክስት2 በተባሉ ጂኖች የሚወረስ ሊሆን ይችላል። አንዱ ወላጅ ካለበት ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። እርግማን አይደለም፣ የእናትየው ጥፋትም አይደለም። ወንድምና እህትም ይታዩ። እንዲህ ባሉ ሰዎች ላይ ወደ ካንሰር የመቀየር ዕድሉ ስለሚጨምር ክትትሉ ዕድሜ ልክ ነው።

የድሮ ራጅ መጣል

በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ኤንኮንድሮማና ቀስ ብሎ የሚያድገው የልም አጥንት ካንሰር በጣም ይመሳሰላሉ። ስለዚህ የናሙና ውጤት ብቻውን አይበቃም። እጢው የት እንዳለ፣ ዘንድሮ ካለፈው ምን ያህል እንደተለወጠ መታየት አለበት። ጣት ላይ ያለው ብዙም አያሰጋም፤ ዳሌ ላይ ያለው ግን ያሳስባል። ለውጡን የሚያሳየው ደግሞ ከዓመታት በፊት የተነሣው ፊልም ነው። ቀኑ ተጽፎበት ይቀመጥ፤ ሐኪም በተቀየረ ቁጥርም አብሮ ይሂድ።