የአሮጌውን ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ የኋላ ሾክ አብዞርበር ግቢ ውስጥ እንዴት መቀየር ይቻላል?

አዳማ ውስጥ ያለቀ ሾክ አይደበቅም። ሰፈር ውስጥ ኮብልስቶኑ ላይ ከኋላ ቋ ቋ ይላል። በፍጥነት መንገዱ ላይ ነፋስ ከጎን ሲገፋ ደግሞ ኋላው ይዋልላል። ለማረጋገጥ የኋላውን ጥግ በሁለት እጃችሁ ወደ ታች ተጫኑና ልቀቁት። ተነስቶ ቀጥ ካለ ደህና ነው። ሁለት ሦስቴ ከዘለለ አልቋል። ዘይት ተፍቶ አቧራ ከለበሰማ ጥያቄም የለው።

ይህ አሠራር በኋላ ጎማ እንደሚገፋው አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ የኋላ እግር፣ ሾኩ ከሞላው ተነጥሎ ለሚቆም መኪና ነው። ሞላው ሾኩን ከጠመጠመው ቤት ውስጥ አትንኩት። የብዙ መኪና የፊት እግር እንዲህ ነው። የታመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል፤ ማመቂያ ላለው ጋራዥ ስጡት።

ስትገዙ ጥንድ ግዙ። ጎሚኒው (የጎማ ማረፊያው) እና ሮንዴላው (ክብ የብረት ዝርግ) አብሮ መኖሩን እዚያው ሱቁ በር ላይ ካርቶኑን ከፍታችሁ እዩ። ከዚያ በዋዜማው ማታ ዳዶዎቹን በብረት ብሩሽ ጥረጉና ደብሊው ዲ 40 (የዝገት ማላቀቂያ) ርጩባቸው። ዝገት በጉልበት ሳይሆን በትዕግሥት ነው የሚለቀው።

አሁን ዋናው ነገር። ዲኤክስ የሚገፋው በኋላ ጎማ ነው። የእጅ ፍሬኑም የሚይዘው የኋላውን ነው። ስለዚህ ኋላው ከመሬት ሲነሳ ማርሽ ማስገባትም፣ የእጅ ፍሬን መሳብም ዋጋ የለውም። የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በእንጨት ሽብልቅ አስይዙ። ቦታው ሜዳ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ይሁን፤ አፈር ላይ ክሪክ ይሰምጣል።

ክሪኩን ዲፈረንሻሉ (የኋላ አክሰሉ መሀል ያለው ድቡልቡል ብረት) ሥር አድርጋችሁ አንሱ። መቆሚያ ብረቶቹን ግራና ቀኝ አክሰሉ ሥር አስገቡና መኪናውን አሳርፉት። ቦዲው ሥር አይደለም! አክሰሉ ከተንጠለጠለ፣ ሾኩ ሲፈታ ቁልቁል ወርዶ የፍሬን ቱቦውን ይጎትታል፤ ሞላውም ከቦታው ሊወጣ ይችላል። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አትግቡ። ብሎኬትም መቆሚያ አይሆንም፣ ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል።

አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው እለፉ። የላይኛው ዳዶ ከውስጥ፣ በኋላ ዕቃ መጫኛው በኩል ይገኛል። ስትፈቱት የሾኩ ዘንግ አብሮ ይዞራል። ጫፉን በትንሽ ቁልፍ ይዛችሁ ዳዶውን በሌላ አዙሩ። የጎሚኒና የሮንዴላውን ቅደም ተከተል ከማውጣታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት። ከዚያ የታችኛውን ብሎን ፈታችሁ ሾኩን አውጡ።

አዲሱን እንደቆመ አራት አምስቴ እስከ ጫፉ ሳቡትና ተጫኑት። ተኝቶ ሲጓጓዝ የገባበት አየር ይወጣል። የሚያብረቀርቀውን ዘንግ በፒንሳ እንዳትይዙት፤ ጭረት ካለበት ጎሚኒውን በልቶ ዘይቱን ያፈሳል።

አዲሱን ሾክ ቦታው አስገብታችሁ የላይኛውን ዳዶ ጎሚኒው አብጦ ከሮንዴላው ጠርዝ ጋር እኩል እስኪሆን አጥብቁ። ከዚያ ካለፈ ይቀደዳል። ታችኛውን ግን ለጊዜው ያዝ አድርጉት። የመጨረሻው ማጥበቅ መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ነው፤ አለበለዚያ ውስጡ ያለው ጎሚኒ እንደተጠመዘዘ ሊቀር ይችላል።

ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና በቁልፍ ፈትሹ። የዲኤክስ የኋላ አክሰል አንድ ወጥ ስለሆነ ሾክ ስለተቀየረ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) አይሻም። «ካላሠራህ ጎማህን ይበላል» የሚላችሁ ካለ፣ ኪሳችሁን ያዙ።