ብሬከሩ ለምን ይወርዳል? ምጣዱስ ማታ ለምን አይግልም?

ዋት (የዕቃው ጉልበት) ማለት ቮልት (ኤሌክትሪኩን የሚገፋው ኃይል) በአምፒር (በሽቦው የሚያልፈው መጠን) ሲባዛ ነው። ስለዚህ ዕቃው ስንት አምፒር እንደሚስብ ለማወቅ ከጀርባው የተለጠፈውን ዋት ለ220፣ ማለትም ለቤታችሁ ቮልት፣ አካፍሉት።

ምጣዱ ብቻውን ይሠራል፤ ውሃ ማፍያው ሲጨመር ግን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ብሬከሩ ይወርዳል

3500 ዋት ምጣድ 16 አምፒር ገደማ ይስባል። 2000 ዋት ማፍያ 9 ይጨምራል። በድምሩ 25 ሆነ፣ ብሬከሩ ላይ የተጻፈው ግን 16 ነው። ወዲያው የማይወርደው ውስጡ ያለው ብረት ግሎ እስኪታጠፍ ጊዜ ስለሚወስድ ነው። ብሬከሮቹ የሚስተካከሉት ለ30 ዲግሪ ስለሆነ፣ የአዳማ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ሳጥን ውስጥ ደግሞ ቶሎ ይወርዳሉ። ሁለቱን በየተራ ተጠቀሙ፣ ወይም ለምጣዱ ብቻ በ4 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት) ሽቦ መስመር አስዘርጉ። እባካችሁ፣ ሽቦው ሳይቀየር «ብሬከሩን 32 አምፒር አድርግልኝ» አትበሉ። ብሬከሩ የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። 2.5 ካሬ ሽቦ በየቀኑ ከአቅሙ በላይ ከተጫነበት ልባሱ ያልቃል፣ እሳቱም የሚነሳው ዓይናችሁ በማያየው ቦታ ነው።

ማታ ምጣዱ አይግልም፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም

ሰፈሩ ሁሉ በሚጥድበት ሰዓት ቮልቱ ይወርዳል። በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ለኩት። 180 ካሳየ ብዙ ሰው «ዋቱ ያው 3500 ነው፣ ስለዚህ አምፒሩ ይጨምራል» ብሎ ያሰላል። ለምጣድ ይህ ስህተት ነው። የማይለወጠው የምጣዱ ሽቦ ኦም (ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መጠን) ነው፣ 14 ገደማ። 180ን ለ14 ስታካፍሉት 13 አምፒር ገደማ ይመጣል፣ ያንን በ180 ስታባዙት 2300 ዋት። ከሙቀቱ አንድ ሦስተኛው ጠፋ ማለት ነው! ምጣዱ ደህና ነው፣ ሽቦውን አታስቀይሩ፤ ቀን ጋግሩ። ጎረቤት ደህና እየሠራለት የእናንተ ቤት ብቻ ከደከመ ግን ከፖል እስከ ቆጣሪ ያለው መገናኛ ላልቶ ይሆናል፣ ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ አመልክቱ።

ፍሪጅ ሌላ ነው። ሞተሩ ቮልት ሲያንሰው ብዙ አምፒር ይስባል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ስታብላይዘር ግዙለት፣ እስከዚያው ቮልቱ ሲወርድ ንቀሉት።

ብሬከሩ አልወረደም፣ ሶኬቱ ግን ይግላል፣ ይሸታል

እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። የላላ መገናኛ 0.5 ኦም ብቻ ቢኖረው፣ 16 በ16 በ0.5 ሲባዛ 128 ዋት ሙቀት እዚያች ጠባብ ፕላስቲክ ውስጥ ይፈጠራል። አምፒሩ ስላልጨመረ ብሬከሩ ምንም አያውቅም። ዋናውን አጥፉና የላላውን መገናኛ በባለሙያ አስጠብቁ፤ የጠቆረ ሶኬት ካለ ከነፕላጉ ይቀየር። ምጣድ በዲቫይደር አይሰካም።

ከአሜሪካ የመጣው ፀጉር ማድረቂያ እንደተሰካ ጨሰ

የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። 220 ላይ ሲሰካ ዋቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ከዕቃው ዋት የሚበልጥ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። «100–240» የሚል ከተጻፈበት፣ እንደ ስልክ ቻርጀር፣ በቀጥታ ሰኩት።