የፍርስራሽ ጠጠር ከመቦካቱ በፊት ውሃ ይጥገብ

ፒያሳና ካዛንቺስ አካባቢ ከፈረሱ ቤቶች የወጣ ኮንክሪት ሰባብራችሁ እንደ ጠጠር ልትጠቀሙበት ካሰባችሁ፣ ማታውኑ ውሃ በደንብ አርከፍክፉበትና በሸራ ሸፍናችሁ አሳድሩት። ጠዋት ውስጡ የራሰ፣ ላዩ ግን ውሃ የማያንጠባጥብ መሆን አለበት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ የቀረው አሮጌ ሲሚንቶ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ደረቁን ከጨመራችሁት የቡኮውን፣ ማለትም የሚቦካውን አርማታ፣ ውሃ ይመጠዋል። ቡኮው ወዲያው ይጠጥርና አካፋ አላስገባ ይላል። ያኔ ሠራተኛው ባልዲ ያነሳል። አርማታውን የሚያደክመው ይሄ በግምት የሚጨመር ውሃ ነው! ጠግቦ ያደረ ጠጠር ግን ከቡኮው ብዙም አይወስድም፤ ልኩ እንደተለካ ይቆያል።

ከመስበራችሁ በፊት ደግሞ ጄሶውን ልቀሙ። በጥፍር ሲፋቅ ዱቄት የሚሆን ነጭ ቁራጭ ካያችሁ አውጡት። ጄሶ ውስጥ ያለው ሰልፌት የሚባል ንጥረ ነገር ከሲሚንቶ ጋር ሲገናኝ ውሎ አድሮ እያበጠ አርማታውን ይሰነጥቀዋል። የጭቃ ግድግዳ ፍርስራሽም አይቀላቀል፤ አፈር ሲሚንቶውና ጠጠሩ እንዳይያያዙ ያደርጋል። በወንፊት የወረደውን ብናኝ አታቡኩት፤ እሱ ከጠጠሩም የባሰ ውሃ ይመጥጣል።

ይህ ለግቢ ንጣፍ፣ ለመተላለፊያና ብዙ ጭነት ለማይሸከም ወለል ነው። ለኮለን (ለምሰሶ)፣ ለቢም (ለአግዳሚ ተሸካሚ) እና ለሶሌታ (ለፎቅ ወለል) ግን ያለ መሐንዲስና ያለ ላብራቶሪ ምርመራ በፍጹም አትሞክሩት። የሰው ሕይወት አለበት።