ሥራውን ቢሮ ትታችሁ ለመውጣት

የድሬ ፀሐይ በረድ ብላ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ሻይ ይዛችሁም ያላለቀው ሪፖርት የሚያብሰለስላችሁ ከሆነ፣ መውጫ ሰዓት 10 ደቂቃ ሲቀረው አዲስ ሥራ አትጀምሩ። ያላለቁትን ወረቀት ላይ ጻፉ። ስልክ ላይ አይሁን፤ እሱ ሲከፈት ቴሌግራሙም አብሮ ይከፈታል። ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ ነገ መጀመሪያ የምትነኩትን ነገርና ሰዓቱን አስፍሩ። «ሪፖርት» ብሎ መተው አይሠራም። «2፡45፣ የግዢ ደረሰኙን ከዕቃ ገቢ ደረሰኙ (ሞዴል 19) ጋር ማመሳከር» ተብሎ ይጻፍ። ወረቀቱን ኪቦርዱ ላይ አስቀምጡ፣ የመሥሪያ ቤቱን ግሩፕ ድምፅ ዝጉና ውጡ። (በርጫ ላይ ስለ ሥራ ማውራት ደግሞ ዕረፍት አይባልም።)

አእምሮ ያልተቋጨን ነገር እንዳይረሳ ደጋግሞ ያነሳል፤ መቼና ከየት እንደሚቀጥል ሲወሰንለት ግን ይለቀዋል። እንዲያው «ነገ አየዋለሁ» ማለት የማያሳርፈውም ለዚህ ነው።

ዝርዝሩ ከቀን ወደ ቀን እየረዘመ ከሄደ ግን ችግሩ የሥራው ብዛት ስለሆነ ይህ ዘዴ አይፈታውም። ያኔ የሳምንቱን ወረቀቶች ይዛችሁ አለቃችሁ ዘንድ ግቡና የትኛው ይቅር፣ የትኛው ለሌላ ሰው ይሰጥ ብላችሁ ጠይቁ።